የሼፉ ፊት

«ቀጥ አድርገህ ያዘው! መጥረጊያ መሆኑን እርሳው፣ ጠብመንጃ ነው!» ብሎ ዳይሬክተሩ ጮኸ።

ሼፉ የመጥረጊያውን እንጨት ትከሻው ላይ አስደግፎ አነጣጠረ። ከፊቱ ድምፅ ቀራጩ ሁለት እጁን አንስቶ ፍራሽ ላይ ተንበርክኳል። ካሜራውን የያዘችው የሼፉ ታናሽ እህት ናት። አኒሜሽን ሠሪ ነች፤ መጀመሪያ ሰው ሲንቀሳቀስ ትቀርጻለች፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ደርባ ትስላለች። የአሁኑ አጭር ፊልም የሁለት ጠላት ወታደሮች ታሪክ ነው። አንዱ እጅ ይሰጣል፤ ሌላው ያነጣጥርና ራርቶ መሣሪያውን ያወርዳል። አሠሪዎቹ «ሰብአዊነት ይኑርበት» ብለዋል፤ ሰብአዊነቱ እንግዲህ ይሄው ነው።

ሊተውን የነበረው ሰው ስለቀረባቸው ነው ወንድሟን ያመጣችው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ከአልጋው ጫፍ አልነሳ ብሏልና ትንሽ ይፍታታ ብላም ነው። ደግሞስ ምን ይነካዋል? የዘመተው ምግብ አብሳይ ሆኖ ነው፤ ሼፉ የተባለውም በዚሁ ነው። እናታቸው «የኔ ልጅ ከድስት በቀር የነካው ነገር የለም» እያሉ ጎረቤቱን አድክመውታል።

«አሁን ቀስ ብለህ አውርደው» አለ ዳይሬክተሩ።

እንጨቱ አልወረደም።

«አውርደው እንጂ ሼፉ!»

«እየሞከርኩ ነው።»

«ኧረ ጉልበቴ አለቀ!» አለ ድምፅ ቀራጩ እየሳቀ። «ወይ ተኩስና ልገላገል!»

የሼፉ ሌባ ጣት ቃታ እንደሚስብ ታጠፈች። ፊቱ ልውጥ አለ። አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አፉ ተከፈተ።

«እሱም ይስቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ፈርቶ መሰለኝ የሚስቀው። እጁን እንዲህ አንስቶ። ገና ልጅ ነው። እኔ አላወረድኩትም።»

ድምፅ ቀራጩ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። እህቱ ደነገጠች። ወንድሟ ቤት ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሽንኩርት ከትፎ እንደማያውቅ ገና አሁን ታያት።

ዳይሬክተሩ ግን ወደ እሷ ሮጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ያዝሽው? ያቺን ፊት ያዝሻት? አንጀት ትበላለች እኮ! እንዳለች ገልብጠሽ ሳያት። ከዚያ መሣሪያው እንዲወርድ እናደርጋለን።»

«አልወረደም እኮ።»

«በሥዕል ይወርዳላ!»

ሼፉ እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ደረጃው አወጣት።

«በሞቴ አጥፊው። እማዬ ከሰማች አለቀላት። አንቺም አልሰማሽም፣ እሺ?»

«እሺ።»

ካሜራውን ከፍታ ፊቱን አሳየችው። እያየ አጠፋችው።

«ይኸው፣ የለም።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» አለና ግንባሯን ስሞ ደረጃውን ወረደ። ከመጣ ወዲህ እንዲህ ቀለል ብሎት ሲራመድ አይታው አታውቅም።

ካሜራው የቀረጸውን ሁሉ ወዲያው ወደ ኮምፒውተሯ እንደሚልክ እሱ አያውቅም። እሷ ግን፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ተመልሳ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠችና ቅጂውን ከፈተችው። አፈረች፤ በጣም አፈረች። እንዲያም ሆኖ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ፊት ስትስል ነው የኖረችው፣ እንዲህ ያለ ፊት ግን ገጥሟት አያውቅም። መሳል ጀመረች። መሣሪያውን ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ ቀላል ነበር። ከዚያ እናታቸው አይተው እንዳይለዩት ብላ ወፍራም ጺም ጨመረችለት።

ጺሙ አገጩን ሸፈነው። መንቀጥቀጡ አይታይም።

ትንሽ አሰበችና ጺሙን አጠፋችው።