የሙሙ ለምፒ ጣሪያ

«እኛ በረሃ ከሄድን የሙሙን ጣሪያ ማን ይጠርጋል?»

ልጄ ካይሳ ይህን የጠየቀችኝ በየካቲት፣ ራት ላይ፣ አፏን ድንች ሞልታ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሌን ሬይኖን አየሁት፤ እሱ ሹካውን ያያል። መጀመሪያ የጎረስሽውን ዋጪ አልኳት።

ሙሙ የምንላቸው የሬይኖ እናት ለምፒ ናቸው። በእኛ መንደር፣ በሃርዩ፣ ሴት አያት ሁሉ ሙሙ ናት። መንደራችን ከሱፒሪየር ሐይቅ በስተደቡብ ናት። በረዶ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይወርዳል። መስኮት ሲደርስ ማንም አያወራለትም፤ በር አላስከፍት ሲል ትንሽ ይወራል። ጣሪያው ላይ የተከመረውን ወጥቶ የማይጠርግ ሰው ግን አንድ ቀን ምሳ እየበላ ጣሪያው ይመጣበታል።

የሙሙ ለምፒ ቤት ባለ ፎቅ ነው። ጣሪያውን ሟቹ ባላቸው ኡርሆ ከጥድ በተሰነጠቁ ትንንሽ ሳንቃዎች አንድ በአንድ ሸፍነውታል። ያማረ ነው፤ ነገር ግን እንጨቱ ሻካራ ስለሆነ በረዶውን አይለቅም። ስለዚህ ሬይኖ በየሳምንቱ አካፋውን ይዞ ይወጣል።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ወደቀ። የወደቀው በጭንቅላቱ ነው፣ ከታች የተከመረው በረዶ ውስጥ፣ እስከ ወገቡ። ሙሙ ለምፒ በወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት ቦት ጫማዎች ወደ ላይ ቆመው አዩ። ልጃቸው ጫማውን ሊያደርቅ የሰቀለ መስሏቸው ዳቧቸውን መቁረጥ ቀጠሉ። መንደሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ራሱ ሬይኖም ሲያወራው ቦቱን ያነሳል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ትከሻው ወልቆ ነበር። ደግሞ አንድ ክንድ ወደ ግራ ቢወድቅ ኖሮ የሚጠብቀው የውሃ ጉድጓዱ የድንጋይ ክዳን ነው። ያንን አንድ ክንድ ሄጄ ለካሁት። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ለካሁት።

በዚህ መሃል ከአክስት ሂልያ ደብዳቤ መጣ። አክስት ሂልያ የሙሙ ለምፒ ታናሽ እህት ናቸው፤ አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ ቱሰን ከተማ፣ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ማቀዝቀዣ ማሽን ይጠግናል፤ የሥራው ብዛት ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። ሬይኖ ማሞቂያ ጠጋኝ ነው፣ ማቀዝቀዣ ማለት ደግሞ በተገላቢጦሽ የሚሠራ ማሞቂያ ነው፣ ይምጣ ይላል ደብዳቤው። ከግቢው በስተኋላ ሁለት ክፍል ባዶውን አለ። መጨረሻው ላይ፣ የእኛ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፣ የምንወጣበትም ኮከብ ለማየት ብቻ ነው ብለዋል። ደብዳቤውን ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት፤ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ መጻሕፍቱ ማንበብና መጻፍ መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ያችን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደገምኳት።

ከዚያ አንድ ወረቀት መሃሉን አሰመርኩና በአንድ በኩል «እዚያ»፣ በሌላው «እዚህ» ብዬ አደጋዎቹን ጻፍኩ። እዚያ፦ ጊንጥ፣ እባብ፣ ፀሐይ፣ የውሃ እጥረት። እዚህ፦ ጣሪያ። በደንብ እንዲታሰብበት ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ጥፋቴ እሱ ነው። በሁለተኛው ቀን ካይሳ «እዚያ» በሚለው ስር «ሐይቅ የለም» ብላ ጽፋ የሚያለቅስ ዓሣ ሥላለች። ሬይኖ በሁለቱም በኩል «የማርሊስ ጭንቀት» ብሎ ጨምሯል። ማርሊስ እኔ ነኝ። ሙሙ ለምፒ ደግሞ ሄል የገባበት ዳቦ ይዘውልን መጡና መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። እርሳስ አምጡ አሉ። ከጊንጥ፣ ከእባብ፣ ከፀሐይና ከውሃ እጥረት ቀጥሎ በጥሩ ጽሕፈት «ሂልያ» ብለው ጻፉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም እሳቸው ዘንድ ሳውና፣ ድንጋይ የሚግልበት የእንፋሎት መታጠቢያ፣ እንገባለን፤ መጀመሪያ ሴቶች፣ ቀጥሎ ሬይኖ። በዚያው ሳምንት፣ ሦስታችን ላብ በላብ ሆነን አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ነገር ጀመሩኝ።

«የሂልያ አገር ሁሉ ሳውና ነው አሉ። ታዲያ ከሳውናው ስትወጡ የምትዘሉበት ሐይቅ የታለ?»

መልስ ይሆነኛል ብዬ ያሰብኩትን ያን ጊዜ አወጣሁ። ጣሪያውን ቆርቆሮ ቢያለብሱት በረዶው ራሱ ይንሸራተታል፣ ሬይኖም አይወጣም፣ መንደሩ ከሞላ ጎደል አልብሷል አልኳቸው።

«ቆርቆሮ የዶሮ ቤት ነው» አሉና የጋለው ድንጋይ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ደፉበት። እንፋሎቱ አፌን ዘጋው። ወሬውም በዚሁ ተዘጋ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። እዚህ ከቀረን ሬይኖ ይወጣል። ከሄድን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ይወጣሉ፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው። እንደማያደርጉት ተስፋ እንዳላደርግ «እኔም አለሁ፣ መሰላሉም አለ» ብለውኛል። የካይሳን ጥያቄ በድንቹ ያሳለፍኩት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ በሰኔ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሄደን አይተን እንወስን ተባለ። ሰኔን የመረጡት ሙሙ ለምፒ ናቸው። ቤት የሚታየው ሲዘንብ ነው፣ በረሃም የሚታየው በሰኔ ነው አሉ። አብረውን የመጡትም ጠልተነው መመለሳችንን በዓይናቸው ለማረጋገጥ ነበር። አራት ቀን በመኪና ተጓዝን። በኋላው ወንበር በእሳቸውና በካይሳ መካከል የበረዶ ሣጥን ነበር፤ ምን እንዳለበት አልተናገሩም፣ ማንንም ደግሞ አላስነኩም።

ቱሰን ስንደርስ ከመኪናው ወርጄ መጀመሪያ ያየሁት መሬቱን ነው። ጠዋት ጠዋት የሁላችንንም ጫማ ገልብጬ አራግፋለሁ፤ ከዚያ እንደገና አራግፋለሁ። ጊንጥ አንድም ቀን አልወጣም። ሬይኖ ከአክስቱ ልጅ ጋር ሥራ ይውላል፤ ማታ ሲመለስ ሰዎቹ ጥሩ እንደሆኑ ይናገራል። ስለ ሥራው ስጠይቀው ስለ ሰዎቹ ይደግምልኛል። ሙሙ ለምፒ ሁለት ቀን ሙሉ መስኮቱ ስር ተቀምጠው በረሃውን ሲያሙ ዋሉ። ዛፉ እሾህ ነው፣ ወንዙ አሸዋ ነው፣ ሂልያ ደግሞ ወጡ ላይ ቃሪያ አበዛች።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ጠፉ።

አልጋቸው ላይ የሉም፣ ጥላው ስር የሉም። አክስት ሂልያ መንገዱን ዳር እስከ ዳር አይተው ተመለሱ። እኔ እባቡን፣ ፀሐዩን፣ ሁሉንም በየተራ አሰብኩ። ሬይኖ ለምሳ መጥቶ ስለነበር መኪናውን ሊያስነሳ ሮጠ። ያኔ የበረዶ ሣጥኑ ክፍቱን መሆኑን አየሁ። ባዶ ነው። ካይሳ ደግሞ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስሙ አለችን። ከግቢው ጥግ፣ አክስት ሂልያ የቀለም ቆርቆሮና መጥረጊያ ከሚያስቀምጡባት የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ይመጣል።

ሬይኖ በሩን ከፈተ። ሙሙ ለምፒ በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ በአንሶላ ተጠቅልለው፣ እንደ ቀይ ሥር ቀልተው ተቀምጠዋል። ከአገር ቤት አቀዝቅዘው ባመጡት የቅጠል እስር፣ ሳውና ውስጥ እንደምናደርገው፣ ጀርባቸውን ይመታሉ። አጠገባቸው የውሃ ጣሳ አለ።

«በሩን ዝጋው» አሉት። «ሙቀቱ ይወጣል።»

«እናቴ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«ስልሳ ዓመት እንጨት ፈልጬ የማገኘውን ሙቀት ሂልያ ቀለም ታስቀምጥበታለች። አሁን ዝጋው።»

ሬይኖ ዘጋው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በየደቂቃው ስማቸውን እጠራ ነበር፤ እሳቸውም በየደቂቃው «አልሞትኩም» ይሉኛል። ሲወጡ ካይሳ፣ ታዲያ የምትዘይበት ሐይቅ የታለ ብላ የራሳቸውን ቃል መለሰችላቸው። የአትክልት ማጠጫውን የውሃ ጎማ አሳዩአትና ቆሙላት። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ከጎጆዋ የባሰ ትኩስ ነበር። ያኔ ነው ሲስቁ የሰማኋቸው፤ ከነአንሶላቸው፣ ቁልቋሉ ፊት ለፊት፣ እንደ ልጅ።

በማግሥቱም በቀትር ገቡ። በሦስተኛው ቀን አክስት ሂልያ ተከተሏቸው፤ የቀለም ቆርቆሮዎቹ ወደ ውጭ ተጣሉ።

በሳምንቱ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ሁላችንም ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ወጥተን ሐብሐብ በላን። ሬይኖ ጠርዙ አካባቢ ቆሞ ለካይሳ ተራራውን ያሳያታል። እኔ ቀበቶውን ይዤዋለሁ። ሙሙ ለምፒ አዩን። ረጅም ጊዜ አዩን።

«ኡርሆ ያን ጣሪያ የሠራው እኔን ዝናብ እንዳይመታኝ ነው» አሉ። «ልጁ እንዲወድቅበት አይደለም።» ከዚያ የሐብሐቡን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው ቀጠሉ፤ «ቆርቆሮ አልብሱት። እንዳየሁት ቆርቆሮ ክፉ ነገር አይደለም። እኔ እዚሁ እቆያለሁ።»

«ማን ጋበዘሽ?» አሉ አክስት ሂልያ።

«እዚያ ፍሪጅ ላይ ከጊንጥ በታች ነው የጻፍኩሽ። ምስጋናሽ ይኸው ነው?»

አክስት ሂልያ ስለየትኛው ፍሪጅ እንደሆነ ጠየቁ። ካይሳ ሁሉንም፣ ዓሣዋን ሳይቀር፣ ነገረቻቸው። እሳቸውም የኋላውን ክፍል ዛሬውኑ እጠርጋለሁ፣ ጊንጥ ካገኘሁ ግን አልጋው ላይ እተወዋለሁ አሉ።

ሬይኖና እኔ ሌሎቹ ሲወርዱ ቀረን።

«እንግዲህ የሚያስቀረን የለም» አለ። ያለው ምርኩዙን እንደነጠቁት ሰው ነው። አምስት ወር ሙሉ እናቴን ጥዬ እንዴት ሲለኝ ከርሟል፤ አሁን እናቱ ሳይጠየቁ ቀደሙት። ሥራው እንዴት ነው ብዬ እንደገና ጠየቅሁት። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው አለኝ።

«ሬይኖ፣ ከጣሪያ እንድትወርድልኝ ነው የፈለግኩት» አልኩት። «ከአገር ውረድ አላልኩም።»

ወደ እግሬ ዝቅ ብሎ አየ። ለመውረድ ስዘጋጅ ጫማዬን እያራገፍኩ ነበር።

«ይሁን» አለ። «እዚህ ብንቀመጥ ይህን ጫማ ስታራግፊ ልታረጂ ነው።»

ቆርቆሮው በመስከረም ተመታ። የጥድ ሳንቃዎቹን ምን እናድርጋቸው ብለን ስንደውል ሙሙ ለምፒ አትጣሏቸው አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናው ውስጥ አንድዷቸው፣ ሽታቸውንም ንገሩኝ። ክረምቱን ሙሉ አነደድናቸው፤ ካይሳ በየቅዳሜው እየደወለች ሽታውን ትነግራቸዋለች። ቤቱ ባዶውን እንዳይከርም እኛው ገባንበት፤ ከቀድሞው ቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ነው። በረዶው ከጣሪያው ሲንሸራተት እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። በተንሸራተተ ቁጥር ሬይኖ የት እንዳለ እጠይቃለሁ፤ እሱም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቦቱን ያነሳልኛል።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት ሆነው። ሙሙ ለምፒ ቱሰን ቀሩ። ሬይኖ፣ ካይሳና እኔ ተመለስን።