ቀለሙን የለቀቀው ማሊያ

መሳይ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ሰሌዳ ጅማ ባለው የእታገኝ አዲስ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲወርድ፣ እሷ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች። አነበበች። ደግማ አነበበችና ቆሽቷ አረረ።

«ጎን ለጎን ማሊያ፦ ዝነኛው የሊሙ ገነት አምበል ኩመራ በ1978 ዓ.ም. የነደፈው፤ ቀዩ የበሰለ ቡና፣ ነጩ የቡና አበባ» ይላል። ከሥር በደቃቃ ፊደል «በልብስ ሰፊዋ በእታገኝ እጅ የተሰፋ»። ወይ ጉድ! በእሷ የስፌት መኪና የተጀመረ ድርጅት፣ ዓይኗን የጨረሰችበት ድርጅት፣ ዛሬ እሷን እጅ ብቻ አድርጎ አስቀራት።

«ኩመራ እንኳን ማሊያ ሊነድፍ፣ እርሳስም ሲይዝ አላየሁት» አለች።

መሳይ ክፉ ልጅ አይደለም። ማሊያውን አዲስ አበባ ባሉት ሦስት ሱቆቹ ሊሸጥ ከልጇ ከአቢጊያ ጋር ተስማምቷል፤ አቢጊያም ለዚህ ቀን ሁለት ዓመት ለፍታለች። «እትዬ እታገኝ» አለ ረጋ ብሎ፣ «የድሮ ማሊያ የሚገዛ ሰው ጨርቁን አይደለም፣ ታሪኩን ነው የሚገዛው። እርስዎ የነገሩኝን ብጽፈው ማን ይገዛናል? ቀለሙን የሚለቅ ማሊያ ብዬ ላስተዋውቅ?»

የነገረችው ይህ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው፤ መኪናዋን ከገዛች ወሯ። የሊሙ ገነት ልጆች ከሰርቦ ጋር ግጥሚያ አለብን፣ ቀይ ማሊያ ስፊልን አሏት። ጅማ ገበያ ቀይ ጨርቅ ጠፋ። እሷም ምን ገዷት፣ አቡጀዲ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፋ በዱቄት ቀለም አፈላችው። ቀለሙ እንዲይዝ ጨው ጨምሪበት ያላት ሰው የለም። ጨዋታው እኩሌታው ላይ ሲደርስ የሊሙ ዝናብ ወረደ። ቀለሙ በጭናቸው፣ በካልሲያቸው ፈሰሰ። ሲተናነቁ ነጭ የለበሱት የሰርቦ ልጆችም ቀሉ፤ ዳኛው ማን የማን እንደሆነ ጠፋበትና ጨዋታውን አቆመው። ሰው በሳቅ ሞተ። አምበሉ ማሊያውን አውልቆ እግሯ ሥር ወረወረው።

ሁለት ወር ገበያ አልወጣችም፤ አፍራ። ከዚያ ግን እልህ ያዛት። የፋብሪካ ቀይ ጨርቅ ፈልጋ ስታጣ ስታገኝ፣ ያገኘችው ለግማሽ ገላ ብቻ የሚበቃ ሆነ። የቀረውን ጎን በነጭ ሞላችው። ወስዳ ኩመራን አልብሳ፣ አንድ ባልዲ ውሃ አናቱ ላይ ደፋችበት። «ይኸው፣ ለቀቀ?» አለችው። አልለቀቀም። በዓመቱ ከሊሙ እስከ ሰርቦ ሁሉም እሷ ዘንድ አሰፋ።

አሁን ለሱቁ ምረቃ የተጠሩት እንግዶች ሊገቡ ነው። እታገኝ ወንበር ላይ ወጥታ ሰሌዳውን አወረደችው።

«እማዬ ተይ፣ በናትሽ» አለች አቢጊያ።

«የወደቅሁበትን ቀን ካፈርክበት» አለች እታገኝ መሳይን እያየች፣ «የተነሳሁበትንም አልሰጥህም።»

«ይህ ካልተሰቀለ የእኔ ሱቆች ማሊያውን አይቀበሉም፤ እውነቴን ነው።»

«አይቀበሉ።»

በዚህ መሐል ኩመራ ገባ። ፀጉሩ ነጭ፣ ከዘራ ይዟል፤ የክብር እንግዳ ተብሎ መጠራቱ ነው። መሳይ ደስ ብሎት ሰሌዳውን አነሳለት። «ጋሽ ኩመራ፣ እባክዎ ይንገሯቸው። አምበሉ እርስዎ አልነበሩም?»

ኩመራ ቀስ ብሎ አነበበ። እታገኝ አጠገቡ ቆማለች። ሽማግሌው ስሙ በትልቁ ተጽፎ ሲያይ ፈገግ ያለ መሰለ፣ ከዚያ ፊቱ ጠየመ።

«አምበሉስ እኔ ነበርኩ» አለ። «ማሊያውን እግሯ ሥር የወረወርኩትም እኔ ነኝ። እሱን ለምን አልጻፍከውም? እሷ ያለችህ ዱጋዳ፣ እውነት ነው።»

መሳይ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። አቢጊያ ከኋላው አየችው። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር በር ዘግቶ ሲሄድ አለቀሰች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወፍራም እስክሪብቶ አነሳችና ሰሌዳውን ወደ ባዶው ጀርባው ገለበጠችው።

«ምን ልጻፍ?» አለች።

እታገኝ እየነገረቻት ጻፈች፦ «በ1978 ዓ.ም. እታገኝ የሠራችው የመጀመሪያው ማሊያ ሊሙ ገነት ላይ በዝናብ ቀለሙን ለቀቀ። ሰው ሁሉ ሳቀባት። ሁለተኛውን ማንም ሳያዛት ሠራች።»