ግድግዳውን ያሳመርኩ ለታ

እኛ እዚህ ሰፈር የገባነው ርካሽ ስለሆነ ነው። አሁን ሌሎቹም ርካሽ ነው ሲባል ሰምተው እየመጡ ነው፤ እነሱ በመጡ ቁጥር ደግሞ ርካሽነቱ ይሸሻል። ጫማ ሰፊው ይሠራበት የነበረው ክፍል አበባ መሸጫ ሆኗል። ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው የሚውሉበት ካፌ ተከፍቷል። እንዳትታዘቡኝ እንጂ የካፌውን ግድግዳ የለሰንኩት እኔ ነኝ። ለሳኝ ነኝ፤ አንዱ የለቀቀውን ቤት ለሚቀጥለው አሳምራለሁ። ሥራ አይናቅም፣ ምን ላድርግ?

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ዓይኗ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ እዚህ ቤት ውስጥ ግን ምርኩዝ እንኳ አትይዝም። ከአልጋዋ ተነስታ፣ ረጅሙን ኮሪደር አልፋ፣ ሽንት ቤት ደርሳ፣ ውሃዋን ቀድታ ትመለሳለች። ካልነገሩት በቀር እንግዳ ሰው አያውቅባትም። ሌላ ቤት ብንገባ ሰው ካልረዳት መንቀሳቀስ አትችልም፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ ይህን ቤት መልቀቅ አንችልም።

አከራያችን ክፉ ሴት አይደሉም። ግን ጎረቤቶቻቸው እያደሱ ለአዲሶቹ ሰዎች ሲያከራዩ አዩ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሆነና አንድ እሑድ በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ቤቱ እኮ ተሰነጣጥቆ አለቀ። ሠራተኛ ላስገባበት ነው። እናንተም እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ብትፈልጉ...»

«ኧረ እትዬ! ሠራተኛውማ እኔ አለሁ አይደል? አዲስ አድርጌ እሠራልዎታለሁ፤ እኛን ብቻ አይንኩን።»

ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እስቲ እንግዲህ እጅህን ልየው» አሉ።

እናቴን አቧራው እንዳያፍናት እህቷ ዘንድ ወሰድኳት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ቀን የሰው ግድግዳ፣ ማታ የኛን ስለስን ከረምኩ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። የተሰነጠቀውን እየፈለፈልኩ በስሚንቶ ደፈንኩ፣ ያበጠውን አራገፍኩ፣ በስቱኮ አለሰለስኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ኮሪደር ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እትዬ መጥተው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«በስማም! እጅህ ይባረክ! እንዲህ ከሆነማ ማንን ላመጣ ነው? ኑሩ ልጄ፣ ኑሩ።»

ደስታዬ ወሰን አጣ። በማግስቱ እናቴን አመጣኋት። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ፊቴን ልታጠብ» ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ክንዷን ልይዝ ስል «ተወኝ፣ ቤቴ ነው» አለችኝ።

ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ቆመች። መዳፏ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ።

«ልጄ? የት ነው ያለሁት?»

«ኮሪደሩ ላይ ነሽ እማዬ።»

«እዚህ ጋ ስንጥቅ ነበር። እሱን ይዤ ነው የምሄደው። እሱ ሲያልቅ የተላጠው፣ ከዚያ እብጠቱ፣ ከእብጠቱ ቀጥሎ በሩ።»

ክው አልኩ። ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ስኖር እርምጃ የምትቆጥር ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

«ደፈንኩት» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ክፍሏ ልትመለስ ዞረች፤ ግን የዞረችው ወደ ውጭው በር ነው።

«ሴትዮዋ ምን አሉ?» አለችኝ ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች።

«ኑሩ አሉን እማዬ።»

«እሳቸው ኑሩ አሉ፤ አስለቃቂዬ አንተ ሆንክ።»

እጇን ወደኔ ዘረጋች።

«በል ምራኝ» አለች።