በጠበቃ ደጅ ሦስት ማለዳ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ፈጣሪ በሰው ልጅ ባሕርይ ውስጥ ከተከላቸው ፈቃዳት ሁሉ ለማወቅ እንደ መጓጓት ያለ ለጋስም ነጣቂም፣ መምህርም አሳችም አልተገኘም፤ ሊቁን በመጻሕፍት መካከል አስቀምጦ እህልና ውኃ የሚያስረሳው እርሱ ነው፣ ጎረቤትን በአጥር ቀዳዳ አስጎንብሶ ወገብ የሚያሳምመውም ያው እርሱ ነው። ይህ ፈቃድ ደግሞ እንደ ሙግት የሚመቸው ማደሪያ የለውም፤ ሙግት ማለት ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ሁለት አድርገው የሚተርኩበት፣ ሦስተኛውም እውነቱ ወዴት እንዳለ በመሻት የሚደክምበት ሐተታ ነውና። በቀደመው ዘመን የሙግትን ጥበብ ሊማር የወደደ ወጣት «በላ ልበልሃ» እየተባለ ነገር በሚረታበት አደባባይ ቆሞ፣ በነገር ዐዋቂው ሽማግሌ ደጅ ጠንቶ፣ በቅሎ ስቦና ጋሻ ተሸክሞ ይማር ነበር። ዛሬ ደጁ መስተዋት ሆነ፣ ዘበኛው መዝገብ ያዘ፣ ደጅ ጠኚውም በቅሎ መሳቡን ትቶ የትምህርት ማስረጃውን በላስቲክ ሸፍኖ የሥራ ማመልከቻ ያስገባ ጀመር እንጂ ነገሩስ ያው ነው፤ ደጅ ጥናት ስሙን ቢለውጥም ጠባዩን አልለወጠም።

ታሪኳን የምናወሳት ትርሲት ወልደኢየሱስ ከዚህ የደጅ ጥናት ጽዋ ደኅና አድርጋ የጠጣች የደጀን ልጅ ናት። አባቷ በአጥቢያቸው የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩና፣ የተጣላ ሁሉ ወደ ቤታቸው ሲመጣ ልጅቱ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ የከሳሹን እሮሮና የተከሳሹን ማስተባበያ እያዳመጠች አደገች፤ እናቷም ወጡ ባረረ ቁጥር «የዚች ልጅ ጆሮ ከእጇ ይቀድማል» ይሉ ነበር። ያ ጆሮ ሕግ ትምህርት ቤት አደረሳት፣ በማዕርግም አስመረቃት፤ ነገር ግን ሕግ የተማረ ሁሉ ጠበቃ አይባልምና፣ ፈቃድ አውጥታ በችሎት ለመቆም አስቀድማ በአንድ ጠበቃ ቢሮ በተለማማጅነት መሥራት ነበረባት። ስለዚህ አዲስ አበባ መጥታ፣ በአጎቷ በአቶ ልጅዓለም ቤት ተጠግታ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ለስድስት ቢሮዎች አመለከተች። ሁለቱ ልምድ ያለው ተለማማጅ እንፈልጋለን አሏት፤ ልምድ የሌለው ሰው ለመለማመጃ የሚሆን ልምድ ከወዴት እንደሚበደር እነርሱ ይወቁት። ሦስቱ ጭራሽ መልስ አልሰጡም፤ አንደኛው ደግሞ የሚያውቃት ትልቅ ሰው እንዳለ ጠይቆ፣ የለም ስትል ወረቀቷን መለሰላት። አጎቷ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሆኖም በሐምሌ መባቻ አስቀምጠው፣ ፍርድ ቤቶች ለክረምቱ እረፍት እስኪዘጉ ድረስ ቦታ ካላገኘች ወደ ደጀን ተመልሳ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ እንድትሆን ከአባቷ ጋር መስማማታቸውን ነገሯት። የቀሯት አራት ሳምንታት ብቻ ነበሩ።

በሰባተኛው ደጅ የገጠማት ነገር ግን ከቀደሙት የተለየ ነበር። ስሙን ማንሣት የማያሻን ይህ ታላቅ ቢሮ ከስምንተኛ ፎቅ ላይ ከተማይቱን ቁልቁል የሚመለከት፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ ጸሐፊዎቹ በሹክሹክታ የሚነጋገሩበት ሲሆን፣ አመልካቾችን የሚፈትንበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ይኸውም የባለጉዳዮቹ ስም በጥቁር ቀለም የተሰረዘበትን እውነተኛ መዝገብ አስይዞ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሕግ አስተያየት ማስጻፍ ነው። ያየችውን ለማንም እንዳትናገር አስቀድመው አስፈረሟትና ፈረመች። የደረሳት መዝገብ የኑዛዜ ነገር ነበር፤ ልጅ ያልወለደ አንድ ልብስ ሰፊ፣ በፊት ለፊቱ ሦስት በሮች ያሉትን ቤቱን በአራት ምስክሮች ፊት ለእንጀራ ልጁ ተናዟል ተባለ፣ የሟቹ እኅት ኑዛዜው ሐሰት ነው ብላ ከሰሰች፣ ቢሮው ለእንጀራ ልጁ ቆመ። ሌሎቹ አመልካቾች የሕጉን አንቀጾች ሲደረድሩ፣ ትርሲት ግን ያ የጓዳ በር ጆሮዋ ነቃባትና ከመዝገቡ ግርጌ የተሰፉትን ጥቃቅን ወረቀቶች ታገላብጥ ጀመር። ከመካከላቸው «ምስክር ቁጥር ሦስት» ተብሎ በእርሳስ የተጻፈበት አንድ የሕክምና ወረቀት አገኘች፤ ቀኑን ከኑዛዜው ቀን ጋር ብታስተያየው፣ ሰውየው በዚያ ዕለት አዳማ ከተማ ታሞ ተኝቶ ነበር። የቢሮው ቀለም ስም ሲሰርዝ ቀን መሰረዙን ረስቷል። ትርሲት በደስታ እየተቻኮለች ያገኘችውን ጽፋ፣ የመዝገቡ ደካማ ጎን ይህ ነው ብላ አስረከበች፤ እንጠራሻለን አሏት፤ አልጠሯትም።

ስምንተኛው ደጅ ልደታ ነበር፤ አቤቱታ ጸሐፊዎች በጃንጥላ ሥር ተደርድረው ከሚተይቡበት መንገድ ዳር፣ ደረጃው ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ የማይወጣ፣ የአቶ ይርዳው ገብረክርስቶስ ቢሮ። አቶ ይርዳው በጥብቅና ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆዩ፣ አካላቸው የደቀቀ ቃላቸው የከበደ፣ ማመልከቻ የሚባል ነገር አንብበው የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ወረቀት የጻፈውን ሁሉ ያወድሳል ይሉ ነበርና። የእርሳቸው ልማድ ሌላ ነው፤ ከእርሳቸው ዘንድ ተለማማጅ ሊሆን የሚሻ ሁሉ ሦስት ማለዳ በመጠበቂያው ክፍል ከባለጉዳዮች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ በአራተኛው ቀን ይጠሩትና ከሰማው ሁሉ አንዱን መርጦ እንዲያስረዳቸው ይጠይቁታል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለውን ብሂል የሚፈትኑት በዚህ ነበር። ብዙዎቹ አመልካቾች ሦስቱን ማለዳ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይጨርሱና በአራተኛው ቀን ባዶ አፋቸውን ይገባሉ።

ትርሲትስ እንዲህ ያለ ፈተና በሕልሟም አልተመኘችም፤ ይህ ለእርሷ ፈተና ሳይሆን ድግስ ነበር። በመጀመሪያው ማለዳ በባሕር ዛፍ ጥላ የተካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞችን አዳመጠች፤ አንዱ ጥላው ጎመኔን ገደለው ይላል፣ ሁለተኛው ጥላ በእጅ አይያዝ ይላል። በሁለተኛው ማለዳ ሊፋቱ የመጡ ባልና ሚስት ሁሉን ነገር በሰላም ተካፍለው ሲያበቁ በአንድ ጀነሬተር ተጣልተው፣ እርሷን በመካከል አስቀምጠው ተከራከሩባት። ልጅቱ ትጠይቃለች፤ ከዚያስ፣ ለምን፣ ማን አየ፣ መቼ ነበር ትላለች፤ ሰውም የሚያዳምጠው ሲያገኝ ሆዱን መዘርገፍ ይወዳልና ሁሉም ይነግራታል። አቶ ይርዳው በሩን ገርበብ አድርገው ይህን ያያሉ፤ ጸሐፊያቸውም ለትርሲት በጆሮዋ፣ ጋሼ ቦታውን በልባቸው ሰጥተውሻል፣ የቀረው የአራተኛው ቀን ወግ ነው አለቻት።

በሦስተኛው ማለዳ ከአጠገቧ አንዲት ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት ተቀመጡ፤ ወይዘሮ በላይነሽ ይባላሉ። ትርሲት እንደ ልማዷ ጉዳያቸውን ጠየቀቻቸው፣ እርሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ ነገሯት፤ ወንድማቸው ልብስ ሰፊ እንደ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት አብረውት እንደ ኖሩ፣ ታሞ ሲተኛ አንሥተው እንዳስቀመጡት፣ ከሞተ በኋላ ግን የእንጀራ ልጁ ኑዛዜ ይዞ መጥቶ ከቤቱ ውጡ እንዳላቸው። ቤቱ ምን ዓይነት ነው ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ብትወድ ከየት መጥቶ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮ በላይነሽም በፊት ለፊቱ ሦስት በር እንዳለው፣ አንዱ የወንድማቸው የስፌት ቤት፣ አንዱ የእርሳቸው መኝታ፣ አንዱ የእንግዳ መሆኑን አስረዷት። ያን ጊዜ ትርሲት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቅ አቆመች። ሴትዮዋ ንግግራቸውን ሲቀጥሉ፣ እርሷ የምታየው ያንን በእርሳስ የተጻፈበትን የሕክምና ወረቀት ብቻ ነበር፤ አንዲት ቃል ብታወጣ እኒህ እናት በቤታቸው ይኖራሉ፤ ያችን ቃል ላለማውጣት ግን ፈርማለች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ለአጎቷም አሞኛል ብላ ዋሸች።

በአራተኛው ቀን አቶ ይርዳው ፈገግ ብለው ተቀበሏትና ወንበር ሰጧት፤ ከሰማሽው ሁሉ ማንኛው ነገር ልብሽን ያዘው ብለው በጠየቋት ጊዜም መልሷ እነሆ ይህ ሆነ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ይርዳው። የወይዘሮ በላይነሽን ባላጋራ መዝገብ በሌላ ቢሮ ለፈተና ሰጥተውኝ አይቼዋለሁ። ጉዳዩ ከእርስዎ ዘንድ ሳለ በዚህ ቢሮ ልቀመጥ አይገባኝም።»

ሽማግሌው ጠበቃ መነጽራቸውን አወለቁ። የጥብቅና ሥነ ምግባር ለወጣቶች የሚያስተምሩ፣ እርሱንም ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ያ በመግቢያችን ያወሳነው ለማወቅ የመጓጓት ፈቃድ ለሽበት አያዝንምና፣ በዚያች ቅጽበት ከሠላሳ ስምንቱ ዓመት ይልቅ በረታባቸው። በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ኑዛዜው ከጸና እኒህ ሴት በማን ጣራ ሥር እንደሚያድሩ እኔ አላውቅም። በዚያ መዝገብ ውስጥ ያየሽውን አንዲት ነገር ንገሪኝ፤ ከነገ ጀምሮ ቦታው ያንቺ ነው።»

ትርሲት አለቀሰች፤ ይህን የምንደብቀው አይደለም። የዘጠኝ ወር ልፋቷና የአጎቷ ቀጠሮ፣ የሴትዮዋ ሦስት በሮችና የገዛ ራሷ ፊርማ በአንድነት በደረቷ ላይ ተቀመጡባትና እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ካለቀሰችም በኋላ እንባዋን ጠርጋ መለሰች።

«የፈረምኩት ለእነርሱ ነው፤ ነገ ደግሞ ለእርስዎ እፈርማለሁ። የዛሬውን ካፈረስኩ፣ የነገው ፊርማዬ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

አቶ ይርዳው ቀና ብለው ሳያዩዋት፣ «ብትነግሪኝ ኖሮ በነገርሽኝ እረታበት ነበር፤ አንቺን ግን አንዲት ቀን በዚህ ቤት አላውልሽም ነበር» አሏት። ያልኩሽን እንዳላልኩ ቁጠሪው፣ እኔ ግን እንዳልኩ እያወቅሁ እኖራለሁ ሲሉም ጨመሩ። ቀጥለውም መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ሊቀበሏት እንደማይችሉ፣ የተዘጋ ዕለት ግን ሌላ ቦታ ካልያዘች ራሳቸው ደውለው እንደሚጠሯት ቃል ገቡላት። ወደ መጠበቂያው ክፍል ስትወጣ ወይዘሮ በላይነሽ በዚያው አግዳሚ ላይ ነበሩ፤ አለቀስሽ እንዴ ልጄ፣ አልቀበልም አሉሽ እንዴ ብለው አዘኑላት፣ የራሳቸውንም ነገር አስከትለው፣ አንቺ የተማርሽ ነሽና ቤቴን የማገኝ ይመስልሻል ብለው ጠየቋት። ትርሲት እግዚአብሔር ይርዳዎ ብላ ደረጃውን ወጣች።

በነሐሴ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ፤ ትርሲትም ደጀን ገባች። በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሰዎችን መሬትና ልደት በመዝገብ ስታሰፍር ከረመች፤ አባቷ ተደሰቱ፣ እናቷም ወጡ ማረሩን ተወ ብለው ተረቱባት። እርሷ ግን የዚያን ሙግት ፍጻሜ ለማወቅ ከውስጥ ትቃጠል ነበር፤ ስልኩን ታነሣና የአቶ ይርዳውን ቁጥር ታወጣለች፣ ብጠይቅ ድምፄ ያሳብቃል ትልና መልሳ ታስቀምጣለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ በዚህ ሁኔታ ቆየች፣ በግንቦት ወር ግን አቶ ይርዳው ራሳቸው ደወሉ፤ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ነይ አሏት።

በማግስቱ ተነሥታ አዲስ አበባ ገባች፣ እንደ ደረሰችም ስለ ደመወዟም ሆነ ስለ ጠረጴዛዋ ሳትጠይቅ፣ ነገሩ እንዴት ሆነ አለች። አቶ ይርዳው አራቱንም ምስክሮች አንድ በአንድ እንደ መረመሩ፣ ሁሉም መሐላ ፈጽመው በቦታው ነበርን እንዳሉ፣ ይልቁንም ሦስተኛው አንዳች ሳይንተባተብ ተናዛዡ የለበሰውን ልብስ እንኳ እንደ ቆጠረ፣ በዚህም ፍርድ ቤቱ ኑዛዜውን እንዳጸና፣ ይግባኙም እንዳልሠመረ በዝርዝር ነገሯት። ትርሲት ሦስተኛው ምስክር ሲባል ጠረጴዛውን ያዘች፤ ሽማግሌውም ይህን አዩና ምንም አልጠየቋትም። ከዚያም የመጀመሪያ ሥራዋን ሰጧት፤ ባለጉዳይዋ ሰነዳቸውን ሊወስዱ መጥተዋልና ቆጥራ እንድታስረክባቸው አዘዟት። ወይዘሮ በላይነሽ በአግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከስተዋል፣ አንዲት ትንሽ ዘንቢል በእግራቸው አጠገብ አኑረዋል። ልጅቱን ባዩ ጊዜ ግን ፊታቸው በራ፣ ብድግ ብለውም ሁለት ጉንጯን ሳሙ። «እሰይ፣ ገባሽልኝ? እንኳን ደስ አለሽ ልጄ፤ የልፋትሽን ነው የሰጠሽ» ብለው መረቋት፣ ወረቀታቸውንም ተቀብለው በዘንቢላቸው ከተው ደረጃውን እያረፉ ወጡ። የታማኝነት አክሊል በአንዱ ራስ ላይ ሲደፋ ዋጋው ከሌላው ደጅ የሚከፈልበት ጊዜ አለና፣ ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ምን እንደ ጠበቀ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ከፈለለት ዕድሜውን ሙሉ ይወቅ።