ኮሌታው ላይ «ኦላ»

እህቴ ስፓኒሽ የተማረችው በካውያ ነው። ሌላው ሰው በመጽሐፍ ይማራል፣ በስልክ ይማራል፤ የእኔ ታላቅ ግን ነገር እጇ ካልገባ ጭንቅላቷ አይገባም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት።

ሁለታችንም የምንሠራው ላውንደሪ ቤት ነው። እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ አጥፋለሁ። ከሰዓት በኋላ እንፋሎቱ ክፍሉን ሲሞላው መስኮቱ ይጠፋል፣ የተሰቀሉት ሸሚዞች ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ያኔ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ለራሴም አይለይልኝም።

የእህቴ ልጅ ባሕር ማዶ አግብቶ እዚያው ወልዷል። ልጅቱ አራት ዓመቷ ነው፤ አያቷን አይታ አታውቅም፣ የምትናገረውም የእናቷን ቋንቋ፣ ስፓኒሽ ብቻ ነው። ለአንድ ሳምንት ይዟት እንደሚመጣ በስልክ ሲነግራት «አታስቢ እማዬ፣ እኔ አስተረጉማለሁ» አላት። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«በአስተርጓሚ አያት አይኮንም» አለችኝ።

እኔ በልጁ በግኜ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል እንኳ ሳያስተምራት? አሁንም አልበረደልኝም። እሷ ግን ንዴቱን ለእኔ ትታ አስተማሪ ፈለገች። ያገኘችው ደንበኛችንን፣ ወጣትነታቸውን በመርከብ ላይ የጨረሱትንና «ባሕረኛው» የምንላቸውን ሽማግሌ ነው። ሸሚዞቻቸው እስኪተኮሱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ አሁን እየጠበቁ ያስተምሯት ጀመር። ቃሉ አልያዝ ሲላት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ ያጽናኗታል።

እህቴ ሸሚዝ የምትተኩስበት ቅደም ተከተል ንቅንቅ አይልም፤ ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ጀርባ፣ ፊት። ቃሉንም በዚያው ላይ አስቀመጠችው። ኮሌታው ላይ ሰላምታው፣ «ኦላ»። ትከሻው ላይ «ቤን አኪ»፣ ነይ ወደዚህ። ቀኝ እጅጌው ላይ «ቲዬኔስ አምብሬ»፣ ራበሽ ወይ። ግራው ላይ «ቲዬኔስ ስዌኞ»፣ እንቅልፍሽ መጣ ወይ። ባሕረኛው እንዳሉን ከሆነ እነዚያ ሰዎች ለእንቅልፍና ለሕልም ያላቸው ቃል አንድ ነው፣ ስዌኞ። ይህች ቃል እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ያን ሰሞን በእንፋሎቱ ውስጥ ስዌኞ ስዌኞ እያልኩ አንሶላ ሳጥፍ እውል ነበር።

ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ረጅሙ ለእሱ ደረሰው፤ «ቴ ኪዬሮ ሙቾ»፣ በጣም እወድሻለሁ። ፊቱ ላይ፣ ከቁልፎቹ ጎን «ሚ ሲዬሎ» ነበር። ሰማዬ ማለት ነው፣ እኛ ዓለሜ እንደምንለው። ዓለሙን ለእኛ ትተው ሰማዩን ወስደዋል ማለት ነዋ ብዬ ቀለድኩ። እህቴ አልሳቀችም። ሰማዬ፣ ሰማዬ እያለች ካውያውን በቁልፎቹ ዙሪያ አዞረችው።

መጡ። ልጅቱ ገና ከእህቴ ቤት በር ሳታልፍ የአባቷን እግር አቅፋ ተደበቀች። እህቴ ተንበረከከች፣ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ቀኝ እጇ ብቻ ባዶ አየር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። እጇ ካውያ ካልያዘ አፏ ቃል እንደማይዝ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጇ ነገሩ ሳይገባው ማስተርጎም ጀመረ፤ ልጅቱ ይባስ ብላ አለቀሰች። እህቴ ተነሥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። አንጀቴን በላችኝ፣ ተከተልኳት።

ሲከፋት እጇ ሥራ ይፈልጋል። ከሻንጣው ውስጥ ተጨማዶ የመጣ የልጅቱን ቀሚስ አወጣች፣ ካውያውን ሰክታ እስኪግል ጠበቀች። ኮሌታው የጣት ስፋት እንኳ የለውም። ካውያው ሲነካው «ኦላ» አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለቀሚሱ። ትከሻው ላይ «ቤን አኪ»። እጅጌዎቹ ላይ ረሃቡንና እንቅልፉን ጠየቀች። ድምፅዋ በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

ሳሎን ልቅሶው ቆመ። ልጅቱ እየተሳበች በሩ ድረስ መጣች። እህቴ ጀርባው ላይ ስትደርስ ልጅቱ ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ነበር፤ ከጠርዙ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። ቁልፎቹ ጋ «ሚ ሲዬሎ» ስትል ትንሿ ቀና ብላ አየቻት።

ቀሚሱ ግን ትንሽ ነው፣ አለቀ። ቃሉም አብሮ አለቀ። እህቴ ካውያውን አቁማ በፍርሃት እኔን አየችኝ፤ እኔ ደግሞ ከስዌኞ ሌላ ምን አውቃለሁ? ልጇ ከበሩ ላይ «እማዬ፣ እኔ ልንገራት» ማለት ሲጀምር በእጇ ዝም አሰኘችው።

ልጅቱ የተተኮሰውን ቀሚስ ወደ ራሷ ሳበችው። በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ጨመደደችው፣ አንድም ደህና ቦታ ሳታስቀር። ከዚያ አያቷ ፊት መልሳ አስቀመጠችና «ኦትራ ቤስ» አለች።

ይህችን ባሕረኛው አላስተማሯትም ነበር። እህቴ ግን ማንንም አልጠየቀችም፤ ካውያውን አነሣችና እንደገና ከኮሌታው ጀመረች።