ስም የሚጠራው ማድረቂያ

እንደ ወይዘሮ እንግዳወርቅ አባባል ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ነጭ ነጠላቸውን በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ጥግ ላይ ባለው የጋራ ልብስ ማድረቂያ ከተው፣ ሽንኩርት ሊከትፉ ወደ ቤታቸው ወጡ። ሲመለሱ ነጠላዋ ደርቃ፣ ያውም ታጥፋ ጠበቀቻቸው። አስተጣጠፏ ደግሞ የእናታቸው ነው፤ ጥለቱ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ እንደ ፖስታ ተመልሶ። እናታቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል።

አቶ ተሻገር ግን ነጠላ የሚባል ነገር በቦታው አልነበረም ባይ ናቸው። እሳቸው ሲገቡ የማድረቂያው በር ክፍት፣ ሆዱም ባዶ ነበር። ከዚያ ባዶ ሆድ ውስጥ አንድ ድምፅ ረጋ ብሎ «ተሻገር» አለ። ዝም አሉ። ደገመ። አሁንም ዝም አሉ። ሦስተኛውን ሳይጠብቁ ሳሙናቸውን ጥለው በደረጃው ሽቅብ ሮጡ።

«ባዶ ነበር? ታዲያ ነጠላዬ የት ሄዳ?» አሉ ወይዘሮ እንግዳወርቅ ሊፍቱ በር ላይ ወገባቸውን ይዘው።

«እኔ ምን አውቄ! እኔ የምናገረው በጆሮዬ የሰማሁትን ነው።»

«እኔ ደግሞ በእጄ የያዝኩትን!»

ዓምደሚካኤል የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥሎ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ሊፍቱ መጣ፣ ተከፈተ፣ ማንም ሳይገባበት ተዘግቶ ሄደ። ሁለቱም ተሳስታችኋል ሊላቸው ይችል ነበር። ስም የሚጠራውን ማድረቂያ የፈጠረው እሱ ነው፤ በሚሠራበት ሆቴል ጋራዥ፣ የመኪና ማቆሚያ ትኬት በሚቆርጥባት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ በስልኩ ጻፈው። እንዳይናገር ያደረገው ፍርሃት ነበር፤ ትንሽም ቅናት ነበረበት። እሱ ነጠላ የሚል ቃል አልጻፈም። የአክስቱ የወይዘሮ እንግዳወርቅ የነጠላ ነገር ግን እሱ ከጻፈው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ዓምደሚካኤል መጻፍ የጀመረው በማስፈራራት አልነበረም። የመጀመሪያ ሥራው በጎረቤቷ በበርክ ከተማ ሰማይ ላይ ስለቆመች የጠፈር መንኮራኩር ነበር። መንኮራኩሯ ማረፍ ፈልጋ የማቆሚያ ፈቃድ የሚሰጣት አጥታ፣ በሰዎች ቤት ጣሪያ ላይ ስትዞር ትከርማለች። እሱን በየሱቁ በር ላይ በነፃ ለሚታደለው መጽሔት ላከው። አዘጋጁ «ጥሩ ነው፤ ስለ ቤት ግዢ የጻፍከው ካለ ላክልን» ብሎ መለሰለት። ዓምደሚካኤል ትዕግሥተኛ ልጅ ነው። አልተቀየመም። ወደ ምድር ወረደና ስለ ልብስ ማድረቂያ ጻፈ።

በታሪኩ ውስጥ ማድረቂያው ልብሱን ያደረቀለትን ሰው ስም ይማራል። ከዚያ ሰውየው ብቻውን ሲሆን ይጠራዋል። በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ያለ ሰው በማግስቱ ልብሱ ብቻ ይገኛል። ሐሳቡ ከሩቅ አልመጣም። ልጅ ሳለ፣ «ማን እንደጠራህ ሳታውቅ አቤት አትበል፤ ሦስት ጊዜ እስኪጠራህ ጠብቅ» እያሉ ያስፈራሩት የነበሩት እኚሁ አክስቱ ናቸው።

ታሪኩን ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ሰርክአዲስ በኢንተርኔት ቻናሏ ላይ አነበበችው። ጥሩ ድምፅ አላት። ሹክ ስትል ሰው ከኋላው የነካው ያለ መስሎት ትከሻውን ይዳስሳል። ችግሩ የመጣው ከመግቢያዋ ነበር። «እዚሁ አጠገባችን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ» አለች። የደራሲውን ስም በመጥራት ፈንታ «ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ የዓይን ምስክር» ብላ አለፈች። ሦስት ክፍል እስክታነብ ድረስ ሕንፃው ውስጥ ያለ የሀገር ሰው ሁሉ የገዛ ምድር ቤቱን ለይቶ አወቀ።

ከዚያ ወዲህ በሕንፃው ውስጥ ሰው በመጀመሪያ ጥሪ አቤት አይልም። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን ሦስት ጊዜ ይጠራሉ። ዓምደሚካኤል ራሱ እራት ሲቀርብ አክስቱን «እቴቴ! እቴቴ! እቴቴ!» ካላለ መልስ አያገኝም። ይሄ ያስቀው ነበር። ያላሳቀው ሌላ ነው። ወይዘሮ እንግዳወርቅ በሚያማቸው ጉልበት፣ የልብስ ጋሪ እየጎተቱ፣ በአውቶቡስ ሌላ ሰፈር ሄደው ማጠብ ጀምረዋል።

«ነገ ቄስ ልሳነወርቅ ጸበል ሊረጩልን ይመጣሉ» አሉት አክስቱ፣ አቶ ተሻገር ተሸንፈው ሳይሆን ደክመው ከሄዱ በኋላ። «አንተም እንዳትቀር። የነርስ ፈተናህን አንድ ቀን ባታጠና ምንም አትሆንም።»

ስልኩ ላይ ሲጽፍ ባዩት ቁጥር የሚያጠና ይመስላቸዋል። እሱም አላረማቸውም ነበር።

ቆሻሻውን ጥሎ በቀጥታ በሜትሮ ባቡር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተሳፈረ። ሰርክአዲስ በሩን ስትከፍትለት ማዳመጫው አንገቷ ላይ ነበር። የምትቀዳው፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብላ፣ ልብስ ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ በካፖርቶቿ መካከል ነው።

«ደራሲው! ግባ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ክፍል አራትን አምጣ።»

«ሰርኬ፣ ሰዎቹ አምነውታል።»

«ምኑን?»

«ማድረቂያውን። አክስቴ ቄስ ጠርተዋል።»

ሰርክአዲስ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ያዘነች መስሎት ነበር።

«ቄስ ድረስ?» አለች፣ ዓይኗ በርቶ። «ዓምዴ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም! ጸበሉን ሪከርድ አድርግልኝ።»

«አትቀልጂ። እውነተኛ ታሪክ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔን እንኳ ሳትጠይቂ።»

«ሁሉንም እንደዚያ ነው የምለው! ባለፈው ያነበብኳትን የምትናገር ፍየል እንኳ እውነተኛ ብያታለሁ። የኛ ሰው እኮ ልብ ወለድ ነው ካልከው ሽንኩርቱን እየከተፈ ነው የሚሰማህ። እውነት ነው ካልከው ቢላዋውን ያስቀምጣል።»

ዓምደሚካኤል አሰበበት። በሚዛን ሲያየው አልተሳሳተችም። መንኮራኩሯን ማንም ዞር ብሎ አላየለትም፤ ለማድረቂያው ግን ስንት ቢላዋ ተቀመጠለት። መደመጥ ደስ ይላል። የራሱ ስም ግን እስካሁን ከአንዱም ታሪክ ጋር አልተጠራም፤ እሱን ደግሞ ከመደመጥም በላይ ይፈልገው ነበር።

«ልብ ወለድ ነው፣ የጻፈውም አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው ብል ስንት ሰው የሚቀር ይመስልሃል?» አለች ሰርክአዲስ፣ አሁን ለስለስ ብላ። «ያንተ ሥራ ነው፣ አንተ ወስን። ነገ ሪከርድ ከማድረጌ በፊት ኮል አደርግሃለሁ።»

ሲመለስ ባቡሩ ውስጥ ክፍል አራትን መጻፍ ጀመረ። ጣቱ ሳያስበው ነጠላዋን አስገባት፣ አስተጣጠፏን፣ ጥለቷን። አምሮለት ነበር። መልሶ ሲያነበው ግን የአክስቱን ጓዳ የበረበረ መሰለውና ሰረዘው።

ቅዳሜ ጧት ምድር ቤቱ ሞላ። ቄስ ልሳነወርቅ መስቀላቸውንና ጸበል የተሞላ የውሃ ጠርሙስ ይዘው ገቡ፤ መጽሐፋቸውን ማጠቢያው ላይ ዘረጉ።

«ወይዘሮ እንግዳወርቅ!» ብለው ተጣሩ።

መልስ የለም። ወይዘሮ እንግዳወርቅ ፊታቸው ቆመዋል።

«ወይዘሮ እንግዳወርቅ!»

«አንድ ይቀርዎታል፣ አባታችን» አሉ አቶ ተሻገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ወይዘሮ እንግዳወርቅ!»

«አቤት አባቴ!»

«ምን ጉድ ነው?» አሉ ቄሱ ዙሪያውን እያዩ። «በሉ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ።»

ሁለቱም ተናገሩ፣ እኩል ጀምረው። ታሪኩ አንድ ሌሊት አድሮ ሰፍቷል። ነጠላዋ አሁን አሪቲ አሪቲ ትሸታለች። ድምፁም አቶ ተሻገርን ከነአባታቸው ስም ነው የጠራው። «ነጠላ አልነበረም!» «ነበረች!» ቄሱ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኟቸውና ጸበሉን ከፈቱ።

ዓምደሚካኤል በዚያች ቅጽበት ያየው ጋሪዋን ነው። ከአክስቱ ጎን ቆማለች፣ የሳምንቱ ልብስ ተቆልሎባታል። ድንገት ጸበሉ ሥራውን ባይሠራ ብለው፣ ከጸሎቱ በኋላ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ተዘጋጅተዋል።

«አባታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ። «ጸበሉን አይረጩት። ማድረቂያው ምንም የለበትም። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ታሪክ?»

«በኢንተርኔት የሚነበበውን። ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ በእውነት የሆነ ነገር አይደለም።»

«ሦስቱንም ክፍል?»

«ሦስቱንም።»

ቄስ ልሳነወርቅ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ከደኑ። «ክፍል ሦስትን ስሰማ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ መውጫዬን አልፌ ሜሪላንድ ገብቻለሁ» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ያቺ መጨረሻ ላይ የተጠራችው ሙሽራ ግን አቤት አለች ወይስ አላለችም?»

«እሱ አራተኛው ላይ ነው፣ አባታችን።»

ሰው ሳቀ። ወይዘሮ እንግዳወርቅ አልሳቁም።

«ነርስ ልሆን ነው እያልክ ስልክህ ላይ ተደፍተህ የምታመሸው ለዚህ ነው?»

«አንዳንዴ ፈተናውንም አጠናለሁ፣ እቴቴ።»

«እኔን በሰው ፊት ውሸታም አደረግኸኝ» አሉ። «ማድረቂያህ ውሸት ይሁን። ነጠላዬ ግን ታጥፋ ነበር። በእናቴ አጥንት እምላለሁ!»

«አምንዎታለሁ። እሷን እኔ አልጻፍኳትም።»

ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ቄሱ ጠርሙሱን እንደገና ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱ። ያኔ ነው አቶ ተሻገር ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

«እሱ እንኳ... እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ያጠፍኳት። ማድረቂያው ሥራውን ጨርሶ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። አወጣኋት። ነጠላ ናት፣ እንደ ካልሲ ጠቅልዬ አልወረውራት ነገር። እናቴ እንደምታጥፈው አጠፍኳት። በኋላ የሴት ልብስ ሲነካካ ተገኘ እንዳልባል አፈርኩና...»

«ስምዎን የጠራውስ?» አሉ ቄሱ።

«ኧረ እሱ ይለፈኝ!» አሉ አቶ ተሻገር፣ ባርኔጣቸውን እያሽከረከሩ።

ወይዘሮ እንግዳወርቅ ብዙ አዩዋቸው። መጨረሻ ላይ፣ «አስተጣጠፍዎ ግን የጨዋ ልጅ ነው» አሉና ወደ ጥጉ ሄዱ። የማድረቂያውን በር ከፈቱ። አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው እጃቸውን ወደ ዓምደሚካኤል ወዘወዙ።

«በል ጥራኝ።»

«እቴቴ፣ ምን ያደርጋል...»

«ደራሲ አይደለህ? ጥራኝ!»

«እቴቴ እንግዳወርቅ!»

«አቤት!»

የማድረቂያው ባዶ ሆድ ድምፃቸውን አስተጋብቶ «አቤት» ብሎ መለሰላቸው። አንድ ሁለት ሰው ዘለለ። ወይዘሮ እንግዳወርቅ አንገታቸውን አውጥተው ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ አሁን ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር። ጋሪዋን ስበው ልብሳቸውን ማጠቢያ ውስጥ መክተት ጀመሩ።

የዓምደሚካኤል ስልክ ጮኸ። ሰርክአዲስ ናት።

«ጮክ አድርጋት፣ ሁላችንም እንስማ» አሉ አክስቱ ዞር ሳይሉ።

«ደራሲው!» አለች ሰርክአዲስ፣ ድምፅዋ ምድር ቤቱን ሞልቶ። «ማይኩ ተከፍቷል፣ ካፖርቶቹ መሐል ገብቻለሁ። እንደ ወትሮው 'እውነተኛ ታሪክ' ልበል?»

ሁሉም እሱን ያዩታል። ቄስ ልሳነወርቅ እንኳ ጣታቸውን መጽሐፋቸው መሐል አስገብተው ይጠብቃሉ። ዓምደሚካኤል ሽንኩርቱን እየከተፈ የሚሰማውን ሰው አሰበ። ይክተፍ።

«እቴቴ፣ የነጠላዋን ነገር ይሰጡኛል?» አለ።

ወይዘሮ እንግዳወርቅ አንድ ፎጣ እንደያዙ ቆሙ። «በስሜ ከሆነ።»

«ያጠፍኳት እኮ እኔ ነኝ!» አሉ አቶ ተሻገር።

«እርስዎ ነጠላ አልነበረም ብለዋል!»

«ሄሎ? ማነው?» አለች ሰርክአዲስ። «ዓምዴ፣ ምን ብዬ ልጀምር?»

«ልብ ወለድ በዪ» አለ ዓምደሚካኤል። «ድርሰት፣ ዓምደሚካኤል ሀዲስ። የነጠላዋ ታሪክ፣ የአክስቱ የወይዘሮ እንግዳወርቅ።»