ኪዳኔ የሚስቅበት ከተማ

ባለቤቴ ኪዳኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከታፈሱት ልጆች አንዱ ነበር። አምስት ወር ታስሮ ወጣ፤ በዓመቱ ለንደን ገባ። እኔ በተማሪ ቪዛ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ አርችዌይ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ በሰጠን ቤት ሶልያናን ወለድን።

ኪዳኔ ክፉ ሰው አልነበረም። መትቶኝ፣ ሰድቦኝም አያውቅም። ዝም ብቻ ነው የሚለው። ከሥራ ይመጣል፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን በልቶ ይተኛል። የሠርጋችን ቀን እንኳ ሚዜዎቹ ለጭፈራ ጎትተው ቢያስነሱት እጁን አጣምሮ ቆመ። ስለ እስሩ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ቁስሉን እንዳልነካበት ብዬ አልጠየቅሁም። ቴሌቪዥኑን ቀንሼ፣ ልጄ ስትንጫጫ «እሽሽ፣ አባዬ ደክሞታል» እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ።

የእንግሊዝ ፓስፖርት ካገኘ በኋላ ዊንተር በመጣ ቁጥር ፈረንሳይ መሄድ ጀመረ። ሰዎች በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የሚመጡበት ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እዚያ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ይሠራል። ስደውልለት «ብርዱ ከባድ ነው፣ ደክሞኛል» ይለኛል። አንጀቴን ይበላው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2017፣ የፌብሩዋሪ ሃፍ ተርም፣ የትምህርት ቤት እረፍት፣ ሲደርስ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። ርካሽ ትኬት ቡክ አድርጌ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ፣ ያኔ ስምንት ዓመት የሆናትን ሶልያናን ይዤ ሄድኩ። ሳልነግረው። ደስ እንዲለው ብዬ።

ስንደርስ ሊመሽ ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ያለችው ልጅ ስሙን ስነግራት ፊቷ በራ።

«ኪዲ! ኪዲ በዚህ ሰዓት እዚህ አይገኝም፤ ታች ባሩ ጋ ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ስለ ባሌ እንደምታወራ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ባሩ ከሩቅ ይሰማል። ተንሸራታቾቹ ያን ከባድ ጫማቸውን ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ቢራ ይዘው ይጨፍራሉ፤ ወንዱም ሴቱም ፀሐይ የለበለበው ፊት ነው ያለው። ቤተሰብም ከነልጆቹ አለ። ሁሉም ወደ አንድ ረጅም አግዳሚ ዞረው ያጨበጭባሉ። አግዳሚው ላይ አንድ ሰው የኩሽና ሱሪውን እንደለበሰ እስክስታ ይወርዳል። ትከሻው አጥንት ያለው አይመስልም። ሥሩ የቆሙት ፈረንጆች ሊከተሉት ሲሞክሩ እሱ አንገታቸውን በእጁ እያቃና ያስተምራቸዋል። ከዚያ አንዱ ተንሸራቶ ወደቀና ኪዳኔ ሳቀ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከላይ በግራ በኩል ሁለት ጥርስ እንደሌለው ያየሁት ያኔ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ።

«ማሚ» አለችኝ ሶልያና እጄን ይዛ፣ «ኢዝ ዛት ዳዲ?»

ኪዳኔ አየን። ሳቁ እዚያው ቆመ። ከአግዳሚው ወርዶ በሰው መሀል እየተጋፋ መጣና «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም። ልናይህ መጣን።»

«ደውለሽ ብትነግሪኝ ምናለበት?»

ልጁን እንኳ ገና አልሳማትም። ቢራ የምታቀርበው ሴት መጥታ ሶልያናን አቀፈቻት። «የኪዲ ልጅ! አባትሽ እኮ በሳቅ ይገድለናል» አለች። ወዲያው ደረቷን ነፍታ፣ ሆዷን ወደ ፊት አውጥታ እንደ ወታደር ተራመደች። «ይኼ የኪዲን ጥርስ ያወለቀው የእስር ቤት ዘበኛ ነው!» ዙሪያዋ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ሁሉም ታሪኩን ያውቁታል። እኔ ዳቦ ቆሎዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ማታ አብሮት የሚያድረው ልጅ ክፍሉን ለቀቀልን። ሶልያና ስትተኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን።

«ለነሱ ነገርካቸው» አልኩት።

ምኑን አላለኝም። «እዚህ ቀልድ ነው» አለ። «አንዱ ጥርስህ የት ሄደ አለኝ፣ ነገርኩት፣ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ላንቺ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ።»

«ባለቅስስ?»

«ከዚያ አንቺን ላባብል ነዋ። ሮማን፣ አንቺ እኮ ስታዪኝ በሽተኛ ነው የምታዪው። ቤቱ ሆስፒታል ሆነብኝ። እዚህ የሚያዝንልኝ የለም።»

«ታዲያ እኔ ያን ሁሉ የቻልኩት ለማን ነው? ልጄን በገዛ ቤቷ አትሳቂ ያልኳት ለማን ብዬ ነው?»

«እኔ ዝም በሉ ብያችሁ አላውቅም» አለኝ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው። አንድ ቀንም ብሎን አያውቅም። ከሁሉም እሱ አቃጠለኝ። በማግስቱ ትኬት ቀይሬ ተመለስኩ።

ኤፕሪል ላይ መጣ። በሚቀጥለው ዊንተር «አልሄድም፣ እዚሁ ከናንተ ጋር እሆናለሁ» አለ። እኛም ሞከርን። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግን፣ ሙዚቃ ከፈትን፣ ሰው ጠራን። ሶልያና ከትምህርት ቤት ቀልድ እየለቀመች ታወራለታለች፤ እሱም ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ፈገግ ይላል። የልጅቷን ልፋት ማየት ስላልቻልኩ ጃንዋሪ ላይ «ሂድ» አልኩት።

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ።»

አልተከራከረኝም። ዕቃውን በሃያ ደቂቃ ሸከፈ። እኔ ቢያንስ በር ላይ ይቆማል ብዬ ነበር።

አሁን ዓመቱን በሙሉ እዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሴቶች «ሌላ ሴት ይዞ ነው አይደል?» ይሉኛል። ቢይዝ ኖሮ ቢያንስ የምሰድባት አገኝ ነበር። የለም ብላቸው አያምኑኝም፤ ሲያዝኑልኝ ዝም እላለሁ።

ሶልያና አሥራ አንድ ሞላት። ባለፈው ሰመር ሁለት ሳምንት እሱ ጋ ቆይታ መጣች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ሶፋው ላይ ተንጋላ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስትስቅ ሰማኋት፤ እንዲያ ከፍ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። እኔ ስገባ ዝቅ አደረገችው።

ትናንት ለፈረንጅ ገና ወደ አባቷ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ልሂድ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።